እማዬ ጀልባዋን ጠርታ አስገባቻት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለቤታችን በኩር፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? በብርድ የሚነሳብህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ላይ ያስነክስሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ ሳይቀር ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ብቻ ድምጿ ተዘግቶ ሰነበተ። አትደንግጥ፤ እንኳን ሊያሳዝነን አንገታችንን ቀና አድርጎናል። በስልክ ብነግርህ ግማሹ ስለሚባክን ነው ወረቀት ያነሳሁት።

የእማዬን ድምፅ መቼም አትረሳውም። ገበያ ቆማ «ሽንኩርት አለ! ቲማቲም አለ!» ስትል የማዶ ሰፈር ሰው ድስት ጥዶ ይጠብቃታል እያልን እንስቅ ነበር። ከመደቧ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ እሷ በጮኸች ቁጥር እጄ እየተንቀጠቀጠ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነው ሲል ኖሯል። እህታችን እትዬ ደግሞ አስተማሪ ከሆነች ወዲህ እፍረቱ ባሰባት። ተማሪዎቿ የእናቷን አጠራር እያስመሰሉ ሲስቁ ሰምታ፣ እባክሽ ቀስ በይ፣ አሳፈርሽኝ ብላ ለመነቻት። እማዬ ቀስ ብሎ መሸጥ አታውቅበትም። እትዬም ገበያውን ትታ በጀርባ መንገድ ዞራ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። እማዬ ግን ልጇ በዚያ ታልፍበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ መጥራቷን ታቆም እንደነበር ከብስክሌት መጠገኛዬ ሆኜ አይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ ሕፃን ትኩሳት ያዘውና ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዛው ተሻገረች። አድሮ ሲሻለው በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባዋ መሃል ስትደርስ ጉም ወረደ። እንዲህ ያለ ጉም አይቼ አላውቅም፤ የዘረጋሁት እጄ እንኳ አልታይ አለኝ። ከጀልባ መውረጃችን ግራና ቀኝ ያለውን ድንጋይ ታውቀዋለህ፤ ስንቱን ጀልባ ሰንጥቋል። ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ መቅዘፊያውን ይዞ የሰው ድምፅ ያዳምጥ ጀመር።

እኛም ልንቀበላቸው የወረድነውና የገበያው ሰው ዳር ቆመን ያለ የሌለ ኃይላችንን አውጥተን ጮህን። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይደበድባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ጩኸት ግን አብሮ ጀልባዋን ድንጋይ ላይ ሊጥላት ነበር። ከግራም ከቀኝም ሲጠሩት ባለጀልባው የቱን ይመን? ከጉሙ ውስጥ «ኧረ በፈጠራችሁ ዝም በሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ይጥራ!» ሲል ሰማነው። ቀጥሎ የሕፃኑ ለቅሶ መጣ፣ እሱም በድንጋዩ በኩል። ሁሉም ጸጥ ሲል አፉን የከፈተው ማን ይመስልሃል? ያ ፀጉር አስተካካይ። እሷ እያለች እኛ ምን ቤት ነን አለና የእማዬን እጅ ይዞ መውረጃው ጫፍ ላይ አቆማት።

እማዬ መጀመሪያ እትዬን በስሟ ጠራቻት። ስሟን ስትጠራ ግን እንባ እየተናነቃት ድምጿ ይቆራረጥ ጀመር። ደግማ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ወገቧን አሰረችበትና «ሽንኩርት አለ! ቲማቲም አለ! ድንች አለ!» ስትል ሐይቁን አናወጠችው። የሳቀ ሰው አልነበረም። ውሃ ላቀምሳት ብል እጄን ገፋችው። ብዙ ከጠራች በኋላ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ፤ ቀረበ፤ የጀልባዋ አፍንጫም ልክ እግሯ ሥር ብቅ አለ። እትዬ ሕፃኑን እንዳቀፈች ወርዳ፣ ደርሰናል እማዬ፣ በቃሽ ብትላት እንኳ ሕፃኑን በእጇ እስክትዳስሰው ድረስ ድንች አለ ማለቷን አልተወችም። ባለጀልባው ዕድሜዬን ሙሉ ስቀዝፍ ሽንኩርት ተከትዬ ስገባ ገና ዛሬ ነው አለ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ከተማ ነው። አሁን እማዬ ስታልፍ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉላታል። ፀጉር አስተካካዩማ፣ ሰፈሩ ጭር ሲል ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው ማለት ጀምሯል። እኔም የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ኮርቼባታለሁ ወንድሜ፤ አንተም ካለህበት ኩራባት።

የገበያ ቀን ሲደርስ ድምጿ ገና አልተከፈተም ነበር። ቲማቲሟን ስትደረድር እትዬ በዋናው መንገድ፣ ተማሪዎቿ እያዩዋት መጣች። ቦርሳዋን ለእማዬ አስያዘቻትና ከመደቡ ፊት ቆማ፣ በዚያ በቀጭን ድምጿ «ሽንኩርት አለ! ቲማቲም አለ!» አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፀጉር ቤቱ በር አላለፈም። እማዬ ቦርሳውን እንዳቀፈች እንባዋ ይወርዳል። ከዚያ ወደ እትዬ ጠጋ አለችና በጆሮዋ፣ ድንቹን ረሳሽው አለቻት።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጆችህንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። አባባ ጉልበትህን በሙቅ ውሃ እሸው ብሎሃል። እትዬና ባሏ ከነሕፃኑ ሰላም ይሉሃል። እማዬም ሰላም ብላሃለች፤ በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ፣ አንተ ግን እንደ ጩኸት ቁጠረው።

ታናሽ ወንድምህ
ከአባታችን ቤት በረንዳ፣ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን