አራት ሊትር ቤንዚን

ሰርታውዚንዮ፣ ጁን 1987፣ እሑድ ከሰዓት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ያ ሞተር ስታነሣ የያዘህ ሕመም በዚያ ብርድ አገር አልባሰብህም? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ናፍቆቱንም ጨምሬ ደህና ነኝ እያልኩ ስለኖርኩ አሁን አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቶኛል።

አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። ስትሰጠኝ «ከኔ ነው ያገኘሁት እንዳትዪው» ብላ አስምላኛለች። ይኸው፣ አልኩ። አግብተህ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እንድጠይቃት ብላ ነው መሰለኝ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ልጆቿ ትምህርት ጠየቅኋት።

አባቴ ካርኒቫል ባለፈ በሦስተኛው ቀን አረፈ። መስማትህን የማውቀው በላክኸው የአበባ ጉንጉን ነው። ስምህ አልነበረበትም፤ ሪባኑ ላይ «ጋሽ አርሚንዶ፣ ያለፈው አልፏል፣ ይቅር ብዬዎታለሁ» ይላል። ሰዉ ሁሉ ሬሳው አጠገብ ቆሞ አነበበው። እኔም አነበብኩት፣ ከዚያም ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም «ያባቷ ሐዘን ነው» አለ። ያን ሪባን ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን የሚያስቆጣህን ልንገርህና ይውጣልኝ። ኦፓላ መኪናህን በሸንኮራ አልኮል እንድትነዳ ቀይሬያታለሁ። ያንተን ቀይ ኦፓላ፣ ስድስቱን ሲሊንደር፣ እኔ በገዛ እጄ። ቁጣህ ከዚህ ይሰማኛል። «አባቴ የሁላችንንም ድርሻ ጠጥቶ ሄዷል፤ መኪናዬ እንኳ ሳትጠጣ ትኑር» ስትል አልረሳሁም። አባቴም «ሸንኮራው ደጃፍህ ድረስ በቅሎልህ አንተ ነዳጅ ከዐረብ ታስመጣለህ!» እያለ ሲነካካህ፣ አንተ ስትስቅለት፣ ግን ዓይንህ ሳይስቅ ሲቀር አይ ነበር። ያኔ ኩራት መስሎኝ ነበር። የአባትህን ትንፋሽ እየሸሸህ እንደነበር የገባኝ አሁን በቅርቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያንን የመጨረሻ እሑድ ታስታውሳለህ። በስኳር ፋብሪካው መንገድ እሽቅድምድም ኦዳይር በዚያ በአልኮል በሚነዳው ማቬሪክ መኪናው ሁለት ጊዜ ቀድሞህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠን «እሑድም ከተሸነፍኩ ደቡብ፣ ብርዱ አገር ካሺያስ ያለውን የአውቶቡስ ፋብሪካ ሥራ እይዛለሁ፣ አልቀለድኩም» አልከኝ። ቀጥለህም «አንቺ አባትሽን ብቻውን ጥለሽ አትመጪም፣ አውቃለሁ» አልክ። እውነትህን ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሸሚዙን እንኳ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ማሸነፍ ነበረብህ። ሌላ ምንም አልታየኝም።

እሑድ ጠዋት አንተ ልብስ ልትቀይር ቤት ስትሄድ አሥራ ሁለት ሊትር አልኮል ከአባቴ ጀሪካን ገልብጬ ሰልባትዮህ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ አይደለም። እኔ ነኝ።

ሀያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የመካኒክ ልጅ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አልኮል ከቤንዚን ይልቅ በብዛት መግባት እንዳለበት ሰምቼ ነበር፣ ካርቡራተሩን ብከፍት ግን ታውቅብኛለህ ብዬ ሳልነካው ተውኩት። ነዳጅ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች እንደነበሩ ጠባብ ሆነው ቀሩ። ሞተሩ ጠግቦ እንዲሮጥ ፈልጌ በረሀብ ሰደድኩት። መጨረሻው፣ የሸንኮራ ጭነት መመዘኛው ሚዛን፣ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀር በአንድ መኪና ርዝመት ስትመራ እየጮህኩ ነበር፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ጭሱም ወጣ። ኮፈኑን ከፍተህ ሰው ሁሉ እያየህ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈታህ። ቤንዚን ቢሆን ቡናማ መልክ ይይዙ ነበር። እነሱ ግን እንደ ጥርስ ነጭ ነበሩ። አንዱን አፍንጫህ ጋ አስጠግተህ አሸተትክ።

ቀጥታ ወደ አባቴ መጣህ። «ጋሽ አርሚንዶ፣ እርስዎ ነዎት?» አልከው። አባቴ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ብዙም አላየኝም፣ ኮፍያ እስኪያወልቁ ድረስ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ «አዎ፣ እኔ ነኝ። ታሸንፋለህ ብዬ ነው» አለህ። አንተ ቁልፉን እግሩ ሥር ወርውረህ «እንግዲያው እርስዎ ይጠጧት!» አልከው። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል፣ አንድ «ቆይ» እንኳ ከአፌ አልወጣም። ማክሰኞ ወደ ካሺያስ አውቶቡስ ተሳፈርክ። ላቆይህ ብዬ የሠራሁት ነገር ነው የሸኘህ።

አባቴ ስለዚህ ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ላይ፣ «ለምን እንደዚያ አልከው?» ብዬ ጠየቅኩት። ባቄላውን በማንኪያ እያማሰለ «እኔን ቢጠላኝ አንድ ቀን ይመለሳል፤ አንቺን ከጠላ ግን በምን ይመለሳል?» አለኝና ጨው አቀብዪኝ አለ። አቀበልኩት። እንዲህ አድርገን ስድስት ዓመት ኖርን፤ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ጥግ ላይ፣ እኛ ደግሞ ከጎኗ የሰው መኪና እየጠገንን።

ከቀብሩ በኋላ የሥራ ጠረጴዛውን ሳጸዳ ከታችኛው መሳቢያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ያን እሑድ የተበሳው የኦፓላዋ ፒስተን ነው። ጋዜጣው ጠርዝ ላይ በዚያ ወፍራም እርሳሱ ሦስት መስመር ጽፏል። የመጀመሪያው «ቴስታታው ሁለት ሚሊ ይላጭ» ይላል። ሁለተኛው «የነዳጅ ቀዳዳዎቹ በሲሶ ይስፉ» ይላል። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፣ እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ለማንም ደንበኛ ጽፎ አያውቅም፣ ሁሉን በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። ይህን ግን ለሚያነብ ሰው ብሎ ነው የጻፈው። እኔ አጥፍቼ የሠራሁትን በትክክል እንድሠራው ነው የተወልኝ።

በማግሥቱ ሸራውን ገፈፍኩ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቼ የቶርኖ ሠራተኛው ቫልዴሲር ዘንድ ወሰድኩት። ሲያየው አወቀው። «አንቺ፣ ይሄ የዚያ እብድ አይደለም እንዴ? የሰው ንብረት ላጭልኝ ስትዪኝ አታፍሪም?» አለኝ። ፈቃድ አለኝ አልኩት። «ከማን?» አለ። ከአባቴ አልኩት። ቫልዴሲር ማሽኑን አስነሣ። ካርቡራተሩን ኒኬል አስቀባሁት፣ አለዚያ አልኮሉ ይበላዋል። አዲስ ፒስተኖች አስገባሁላት። ቀዳዳዎቹን በአባቴ ጥቃቅን መሰርሰሪያዎች አንድ በአንድ አሰፋሁ።

ሜይ ላይ፣ ሸንኮራው ለአጨዳ መቃጠል ሲጀምር፣ ጥላሸቱ የሁሉንም ሰው የታጠበ ልብስ ሲያበላሽ፣ ተነሣች። በመጀመሪያው ቁልፍ አልነበረም፣ በአራተኛው ነው። ከማርሚታዋ ያ የሚጣፍጥ ሽታ ወጣ። ላንተ የአባትህ ሽታ ነው፣ አውቃለሁ፣ ስለዚያም ይቅርታ። ለኔ ግን የአባቴ እጅ ነው፤ ዕቃ የሚያጥበው በአልኮል ስለነበረ ምሳ ስንበላ እንኳ እጁ እንደዚያ ይሸት ነበር። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ እስኪበቃኝ አሸተትኩት።

ከዚያ እሑድ ወደ ስኳር ፋብሪካው መንገድ ይዣት ሄድኩ። ኦዳይር እዚያው ነው፣ ወፍሯል፣ ማቬሪኩም ያው ነው። «ስድስት ዓመት ሸራ ሥር ቆይታ ደግሞ ትሮጣለች? እስኪ አምጪያት!» አለኝ እየሳቀ። በሁለት መኪና ርዝመት ቀደምኩት። ሚዛኑ ጋ ስደርስ ሰዉ ያፏጫል፣ እኔ መሪውን ይዤ እያለቀስኩ ነው። ስድስት ዓመት ዘግይቼ አሸነፍኩልህ። ናፈቅከኝ። ይኸው፣ ይህንንም አልኩ።

አሁን የወረቀቱ ጉዳይ። ሊብሬዋ እስካሁን ባንተ ስም ነው፣ ነዳጇም «ቤንዚን» ይላል፤ ያላንተ ፊርማ አይቀየርም። ሁለት ወረቀት ልኬልሃለሁ። አንዱ ቤንዚን የሚለው አልኮል ይባል የሚል ነው፤ መኪናዋ ያንተ እንደሆነች ትቀራለች። ሁለተኛው ስሟ ወደኔ ይዙር የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ፈርምና መልስልኝ። ሁለተኛው ከመጣ ይገባኛል፣ ምክንያት መጻፍ የለብህም። አንደኛው ከመጣ ደግሞ እሱን ያኔ እናያለን። ብቻ ቶሎ በል። ቤንዚን ሆና ብዙ መጠበቅ ችላ ነበር። አልኮል ግን ቆሞ አይከርምም፣ ውሃ ይስባል፣ ከውስጥ ያዝጋል፤ ሳምንት በሳምንት መነዳት አለባት። ሸራውን ለቫልዴሲር ሰጥቼዋለሁ፣ የዶሮ ቤት ጣሪያ አድርጎታል።

ሦስተኛውን መስመር ቃል ገብቼልሃለሁ። አልኮል በብርድ እሳት እንደማይይዝ ታውቃለህ። ጠዋት ላይ ከሌላ ትንሽ ሰልባትዮ ጥቂት ቤንዚን ካልተረጨላት፣ ያንን የድሮውን ካልቀመሰች፣ አትነሣም። እኔም እንደዚያው ነኝ ልል ነበር፣ ቫልዴሲር ቢሰማ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት። ለኛ ከተማ ግማሽ ሊትር ይተርፋል። አራት ሊትር የሚይዝ ሳስገጥም ቫልዴሲር ያየ ጊዜ «ምን ነካሽ? በረዶ ላይ ልትነጂ ነው?» አለኝ። አባቴ ጽፎት ነው አልኩት። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ትንሿ ሰልባትዮ አራት ሊትር ትሁን፤ እዚያ ይበርዳል።»

አባቴ ከጎረቤት ከተማችን ከሪቤራው አልፎ ሄዶ አያውቅም። ጋዜጣው አንተ በሄድክ በአምስተኛው ቀን የወጣ ነው።

ወገብህን በሙቅ ጨርቅ እሰረው፣ ባዶ እግርህን ሲሚንቶ ላይ አትቁም። እመቤታችን አፓሬሲዳ በመውጣትህም በመግባትህም ትጠብቅህ፤ ቤት ያለች ሴት ካለችም እሷንም ትጠብቃት፣ ከልቤ ነው። ለአባቴ የላክኸውን ይቅርታ ለጥፋቱ ባለቤት ማዞር ከቻልክ አዙረው። ካልቻልክም አልቀየምህም።

ስትጽፍልኝ አንድ ነገር ብቻ አትርሳ፦ በጁላይ ብርድ፣ እዚያ ካሺያስ፣ ውርጩ መንገዱን ለመኪና የሚለቀው ጠዋት በስንት ሰዓት ነው?

የአርሚንዶ ልጅ