ሞደሙ ለምን ኃይል ጨመረ?

እንጅባራ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ኃላፊያችን ጋሽ ታረቀኝ ትናንት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ኢንተርኔቱን ያቋረጠችው እሷ ናት፤ ሞደሙን ስትነካካ አበላሸችው» ብለው እኔን ወቀሱ። ዛሬ የሞደሙን ገጽ ከፍቼ አየሁ። የመላኪያ ኃይሉ ጣሪያ ነክቷል። ሲግናሉ መንገድ ላይ ስለሚባክን፣ ማዶ ያለው ጣቢያ እንዲሰማው ሞደሙ አብዝቶ ይጮኻል ማለት ነው። የት ይሆን የሚባክነው? ገመዱን ተከትዬ ስሄድ እሳቸው ቢሮ ገባ። ለራሳቸው መስመር ያስቀጠሉበት፣ ሲግናሉን ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ተገኘ። እሱን ነቅዬ ገመዱን በቀጥታ ሳገናኘው ኃይሉ ወረደ፤ ኢንተርኔቱም መጣ።

«በይ እንግዲህ፣ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የወቀሱኝ ሰው ፊት ነው፤ የምናገረውም ሰው ፊት ነው።»

ከሰዓት ሲዘንብ ግን ኃይሉ እንደገና ትንሽ ከፍ አለ። ውጭ ያለው የገመዱ መጋጠሚያ ውኃ ገብቶት ይሆን? እሱንም አጣርቼ ነው በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ለመናገር የምቆመው።