በእርጅናቸው ምክንያት ከአረጋውያን ኅብረት የተሰናበቱት የመምህር ማረው ያየህ ሕይወት

መምህር ማረው ያየህ ከአባታቸው ከአቶ ያየህ ንብረት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይነሽ ገብረ ሐና በ1942 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ በቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት በተወለዱበት ደብር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ወረታ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ደብረ ታቦር ተምረው በመምህርነት ሠለጠኑ። በ1963 ዓ.ም. ሐሙሲት ሥራ ጀመሩ።

በ1968 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ከመጡት ከመምህርት ሰብለወንጌል አማረ ጋር ጋብቻቸውን በሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ወደ ወረታ ከተዛወሩ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ አስተምረዋል። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁን አስተምረዋችኋል፤ ቁጣቸውንም ታውቁታላችሁ። ቤታቸውም ውስጥ ያው ነበሩ።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። የቁሐር ሚካኤል ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋው ወጣ። መምህር ማረው በደንገል ታንኳ ከቀዛፊ ጋር ሆነው ወደ ትውልድ ቀያቸው ገቡ። የአባታቸውን እኅት ወይዘሮ አይናለም ንብረትን ያገኟቸው ቤት ውስጥ ነው፤ ውኃው መደቡን ሊያልፍ ሲል ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ወይዘሮ አይናለም ልጅ አልወለዱም። የመምህር ማረውን ታናሽ ወንድም አቶ መንግሥቴን ጡት ከጣሉ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ መሬታቸውንም «ይጡረኝ» ብለው ያወረሱት ለአቶ መንግሥቴ ነው። አቶ መንግሥቴ በዚያ ቀን ከብቱን አውጥተው አክስታቸውን «እመለሳለሁ» ብለው ትተዋቸው ሄደዋል። አልተመለሱም።

የወንድማቸው ልጅ ታንኳው ላይ ሲያወጧቸው ወይዘሮ አይናለም የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

«ማረው፣ ከብቶቹ ወጡ ወይ?»

መምህር ማረው በየመንደሩ ሲጠይቁም የተተዉት አክስታቸው ብቻ እንዳልሆኑ ሰሙ። ውኃው ከጎደለ በኋላ የወረታንና የየገጠር ቀበሌውን እድሮች እየዞሩ ለምነው የፎገራ አረጋውያን ኅብረትን አቋቁመው መሩ። ኅብረቱ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር። ጎርፍ ሲመጣ አስቀድሞ ሽማግሌና አሮጊት ይውጣ። የእርዳታ እህል ሲታደል በልጅ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ይታደሉ። ሩዝ ከገባ ወዲህ መሬቱ ሲወደድ «እጦርሃለሁ» እያለ መሬት የሚወስድ ሁሉ፣ ካልጦረ ይመልስ።

ይህን የመጨረሻውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲያቀርቡ የመጀመሪያው ተከሳሽ ወንድማቸው ነበሩ። ዘመድ ሁሉ ለመናቸው፤ በሽምግልና ይጨረስ አላቸው። ወይዘሮ አይናለም ራሳቸው «ልጄ ነው፣ አትክሰሱብኝ» ብለው አልቅሰዋል። መምህር ማረው ግን «የሌላውን ልጅ ከስሼ የራሴን ወንድም ባልፍ ማን ያምነናል?» ብለው ቆመው መሰከሩ፤ ተፈረደላቸውም። መሬቱ ተመለሰ፣ አቶ መንግሥቴ ግን አልተመለሱም። ወይዘሮ አይናለም በመምህር ማረው ቤት፣ በመምህርት ሰብለወንጌል እጅ ተጦረው እስኪሞቱ ድረስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር «መንግሥቴ ነው?» ይሉ ነበር። መምህር ማረው ይህን እየሰሙ ኖሩ። ፍርዱ ትክክል እንደነበረ አልተጠራጠሩም፤ ደስ ብሏቸው ግን አያውቅም።

ከዚያ ፍርድ በኋላ ብዙዎች መሬታቸውን አስመለሱ። ኅብረቱ ሐሙሲት ድረስ አባል አገኘ። ወረታ ላይ በተሰጠው ቦታ እድርተኛው እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ አዳራሽ ሠራ። ገበያ የመጡ አቅመ ደካሞች እዚያ አረፍ ይሉ፣ አቤቱታቸውን ያሰሙ፣ እህል ውኃ ይቀምሱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ረጂ ድርጅት መጣ። ከረጂው ጋር የተማሩ ሠራተኞች፣ መኪናና የጽሕፈት ቤት ዕቃ መጡ፤ ስብሰባውም ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሆነ። እዚያ መድረስ የሚችል አረጋዊ ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ኅብረቱ ንቁና ዘመኑን የሚመጥን መሪ እንደሚያስፈልገው፣ መምህር ማረውም እርጅና እንደተጫጫናቸው ተነገረ። ጋቢ አልብሰው ሊሸኟቸው ሲሉ ተነሥተው እንዲህ አሉ።

«እኔ የምወክላቸው በዚሁ እርጅናዬ ነው። ሌላ ምን ይዤ ልምጣ?»

ሆቴሉ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። ሽኝቱም እንደ ታቀደው ቀጠለ።

እድርተኛው የሠራው አዳራሽ ለኅብረቱ ገቢ ያምጣ ተብሎ ለሩዝ ነጋዴ መጋዘንነት ተከራየ። አረጋውያኑ ለጥቂት ጊዜ ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ ከውጭ እየተቀመጡ ቆዩ። በኋላ መኪና ለማራገፍ አስቸገሩ ተብለው ከዚያም ተነሡ። መምህር ማረው በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንተው አቤት አሉ፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም። ደጁን ከጠኑባቸው ሹማምንት አንዳንዶቹ የገዛ ተማሪዎቻቸው ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. የደም ግፊት ግማሽ አካላቸውን ያዘው። መምህርት ሰብለወንጌል ራሳቸው በጉልበታቸው ሕመም እየተሠቃዩ አገላብጠው አስታመሟቸው። ከቁሐር ሚካኤል እየተነሡ የሚጠይቋቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ ወተት፣ አንዷ እርጎ ይዘው፣ በበትር እየተደገፉ። ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አንድም ሰው ደጃቸውን አልረገጠም። ሕመሙ ሲበረታ መምህር ማረው ለቤተሰባቸው «በሕይወቴ ያልጠየቀኝ በሬሳዬ ላይ አይናገር» ብለው ተናዘዙ። ዛሬ ከኅብረቱ የንግግር ጥያቄ ቀርቦልን ያልፈቀድነው ስለዚህ ነው።

መምህር ማረው ያየህ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን መምህርት ሰብለወንጌልን፣ ልጆቻቸውን የኔነህን፣ ናፍቆትንና ይህን የጻፈችውን ሠርካለምን፣ የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። አቶ መንግሥቴ ዛሬ ከሬሳው አጠገብ ቆመዋል። ቤተሰቡ እንዲያለቅሱ ትቷቸዋል።

የቁሐር ሚካኤል አረጋውያን ትናንት መንገዱ ውኃ ስለያዘ በእግር መምጣት እንደማይችሉ፣ መኪና እንዲላክላቸው ልከውብን ነበር። ለመንን፤ አላገኘንም። የኅብረቱ መኪና ግን የአበባ ጉንጉን ጭኖ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሟል።

አብርሃምን በሽምግልናው የጎበኘ አምላክ የመምህር ማረውን ነፍስ በደጁ ሳያቆም ያስገባልን። ለእኛ ለቀረነውም ሳናረጅ ልብ ይስጠን።