ጣራ በሌለው ቤት ጫማ ማውለቅ

ታውኖ፣ ስላዋስከኝ ቦት ጫማ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔው ስማ።

ትናንት ከሚስቴ ከኢርሜሊ ጋር ኬሚ ከተማ ዳርቻ ወዳለው የተዘጋ ወረቀት ፋብሪካ ሄደን የድሮውን የሥራ አስኪያጅ ቤት አየን። ሠዓሊዎች ግድግዳውን በሙሉ ሥለውበት ለጎብኚ ከፍተውታል፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረገ ዓሣ ጋዜጣ ያነባል። እኔ በሩ ሥር ምንጣፍ ሳይ ያንተን ቦት ጫማ አወለቅሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ እኮ ጣራ የለውም!» አለች ኢርሜሊ።

«ምንጣፍ አለው» አልኳት።

ስንመለስ አሥር ያህል ጎብኚዎች ጫማህን ከበው ቆመዋል። አስጎብኚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለቤቱ ሄዶ አልተመለሰም» ትላቸዋለች።

«ተመልሻለሁ» አልኩ።

«ሥራዎቹን መንካት ክልክል ነው!» አለችኝ።

አንድ ሽማግሌ እርጥብ ካልሲዬን አተኩረው አዩና፣ «እሳቸውም የሥራው አካል ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ፣ ሠላሳ ዓመት ሶፋዬ ላይ ቆይቶ ለሕዝብ የቀረበው ዛሬ ነው» አለች ኢርሜሊ።

ጎንበስ ብዬ ብስበው ጫማው ንቅንቅ አልል አለ። ከሠዓሊዎቹ አንዷ የጓደኛዋ ሥራ መስሏት፣ ሌባ እንዳይወስደው ከወለሉ ጋር በኮላ አጣብቃዋለች። ለማላቀቅ ብትታገልም አልሆነላትም። እኔም እስከ ሆቴሉ ኢርሜሊ ከቦርሳዋ ባወጣችልኝ ሮዝ ነጠላ ጫማ ሄድኩ።

ለሚስትህ ለሲርካ፣ ለውሻውም ጭምር ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቦታ አለቀብኝ። ፖስት ካርዱን ገልብጥና የጫማህን ፎቶ እየው፤ አስጎብኚዎቹ ለሽያጭ ያተሙት ዛሬ ጠዋት ነው። የሠራው ማን ነው ሲሉኝ ያንተን ስም ሰጥቻቸዋለሁ። እንኳን ደስ ያለህ።

ቬይኮ