ሦስት ጊዜ «ይቀመጥ» የተባለው ማመልከቻሽ

ለውድ ባለቤቴ ለሲስተር ዘይነባ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ በቀል መፈጸሙን ስለማሳወቅ

ዘይኑዬ፣ አሰላሙ አለይኪ። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ወዳንቺ የሚላክ ወረቀት በየትኛው መዝገብ ወጪ እንደሚደረግ እስካሁን መመሪያ አልወረደልንም።

በደንቡ መሠረት አስቀድሜ የቤቱን ሁኔታ ላስታውቅ። ሀያት ዐሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ አንቺን አልፏል፣ ምላሷም እየደረሰብሽ ነው። እህትሽ ከጅዳ በደወለች ቁጥር አንድ ዓይነት ልቅሶ እናለቅስና ስልኩ ይቋረጣል። የጓሮው በር አሁንም አይዘጋም። ነገ አበጀዋለሁ ያልኩሽ ነው፤ ነገ ገና አልደረሰም። ነጩ ጋውንሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ አለ። ጎረቤት ልጅ ሲያተኩስበት አሁንም እኛ በር ይመጣና «ሲስተር የለችም እንዴ?» ይላል፤ ከዚያ ያስታውስና አፉን በእጁ ይይዛል። እኔም አብሬው እይዛለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ሰውዬውን ታስታውሺዋለሽ፤ ያንን ኃላፊያችንን። ስሙንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ስም መጥራት ያስከስሳል፣ አንቺ ደግሞ ምስክር ሆነሽ አትቀርቢልኝም። አንቺ ያወጣሽለት ስም ይበቃናል፦ አቶ ይቀመጥ። የትኛውም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ በአረንጓዴ እስክሪብቶው ጠርዙ ላይ «ይቀመጥ» ብሎ ይፈርምበትና ወደ መዝገብ ቤት ይመራዋል። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። ይቀመጥ ማለት ደግሞ ፋይል ውስጥ ይግባና ይረሳ ማለት ነው።

ያን የገበያ ቀን አልረሳውም። በጤና ጣቢያው ተረኛዋ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከቆላ ሥራ የተመለሰው ሰውዬ በትኩሳት ሲንፈራገጥ በአንድ እጅሽ ክንዱን ይዘሽ በሌላው ወጋሽው። መርፌውን ስትነቅይ ተወራጨና ያው መርፌ ተመልሶ አውራ ጣትሽ ውስጥ ገባ። ጓንት ካለቀ ሳምንት ሆኖት ነበር። በቧንቧ ውኃ ታጠብሽና ቀጣዩን ሰው ጠራሽ።

ከዚያ መጻፍ ጀመርሽ። በመጀመሪያው ማመልከቻ አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ይመዝገብልኝ አልሽ። «ለዚህ የሚሆን መዝገብ የለም» ተባልሽ። በሁለተኛው፣ እንግዲያው መዝገብ ይከፈት፣ አንዲት ነርስም ብቻዋን ተረኛ አትሁን አልሽ። ሦስተኛውን ስትጽፊ ደግሞ ጭራሽ ሕግ አውጪ ሆንሽ። ደም የሚነካ ሁሉ የጉበት በሽታ ክትባት ይሰጠው፣ ይህ ሁሉ በክልሉ ደንብ ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ይግባ ብለሽ አንቀጹን ራስሽ አረቀቅሽው። የሀያትን ደብተር ገንጥለሽ፣ «ንዑስ አንቀጽ የሚባለው ከላይ ነው ከታች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «እኔ የማውቀው ማስቀመጥ ብቻ ነው» አልኩሽ። «አንተ የመዝገብ ቤት አይጥ!» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ሦስቱም «ይቀመጥ» ተባሉ። ዘይኑዬ፣ ሦስቱንም ገቢ አድርጌ፣ ማኅተም መትቼ፣ ጠርዛቸውን በስቼ ያሰርኳቸው በዚህ እጄ ነው። እቤት ስገባ «ምን አሉ?» ትይኛለሽ። «እየታየ ነው» እልሻለሁ። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ሁሉ ይህ ይከብደኛል።

ቀጥሎ ግምገማው መጣ። አቶ ይቀመጥ መድረክ ላይ ተሰይሞ ቅሬታ ታበዣለሽ አለሽ። መርፌ የወጋት ነርስ መርፌ አያያዝ አልቻለችም ማለት ነው ብሎም ጨመረ። ከዚያ «ድክመትሽን አምነሽ ግለሂስ አውርጂ» አለ። ተነሥተሽ ቆምሽ። «ድክመቴ» አልሽ «ሁለት እጅ ብቻ ያለኝ መሆኔ ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሮ «ድክመቷን አምናለች፣ ይመዝገብ» አለ። ይህቺን ነገር ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከወራት በኋላ መስታወቱ ፊት ቆመሽ የዓይንሽን ቆብ ወደ ታች ሳብሽና ነጩን አየሽው። ቢጫ ሆኗል። «ጉበቴ ነው» አልሽ፣ የሌላ ሰው ካርድ እንደምታነቢ ሁሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አልጽፈውም።

አቶ ይቀመጥ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ምን እንዳለ ግን አልሰማሽምና ልንገርሽ። «ታታሪ፣ ቅሬታ የማታውቅ ሠራተኛ ነበረች» አለ። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ነው በቀሌን የጀመርኩት። በትንሹ ጀመርኩ። ወደ ደሴ ለመዛወር ያስገባው ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አንዴ ከታመሙ በቅሎዎች ሪፖርት መሃል ተገኘ ይላሉ። እኔ ምን አውቄ፣ አይጥ ነኝ።

ትልቁ ቀን የመጣው ባለፈው ወር ነው። የነርሶችን ሥራና መብት የሚመለከት ረቂቅ ደንብ ከክልል ወርዶ፣ እዚህ መካነ ሰላም ላይ ውይይት ይደረግበት ተባለ። ኃላፊዎችም ተሞክሯቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ታዘዘ። አቶ ይቀመጥ እኔ ዘንድ ብቅ አለ። «ሰይድ፣ እነዚህ ነርሶች በየጊዜው የሚሉት ነገር አልነበረም? ካለ አጽዳና በንጹሕ ወረቀት ታይፕ አድርግልኝ። የማንም ስም አይግባበት፣ የመሥሪያ ቤት ሐሳብ ነው።» የማን እንደነበረ እንኳ አያስታውስም! «እሺ ጌታዬ» አልኩት። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ያንቺን ሦስት ማመልከቻ ገልብጬ ሰጠሁት። ግለሂስሽንም ከቃለ ጉባኤው አውጥቼ መጨረሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። ዋናዎቹን ደግሞ ከነአረንጓዴ ጠርዛቸው ለሥራ ባልደረባሽ ለሲስተር አስካለ አቀበልኳት። መዝገብ ቤት ያስቀምጣል ብቻ ያለው ማን ነው? ያወጣልም።

አዳራሹ ጢም አለ። ነርሶቹ ከወረኢሉ በአውቶቡስ፣ ከደጎሎ በሚኒባስ፣ ከከላላ ገሚሶቹ በበቅሎ መጥተዋል። አቶ ይቀመጥ ኮቱን ቆልፎ ወጣና ያንቺን አንቀጽ በጎርናና ድምፅ ማንበብ ጀመረ። መዝገብ ይከፈት አለ። ብቻዋን ተረኛ አትሁን አለ። ክትባት አለ። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ምክንያቱም» አለ «አንዲት ነርስ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያቺን ቃል የማያውቅ ነርስ በዚህ አገር የለም። እሱ ጸጥታውን አድናቆት መስሎት ፈገግ አለ።

አስካለ እጇን አወጣች። «ጌታዬ፣ ይሄ ድንቅ ሐሳብ እንዴት መጣልዎት?»

«ከረጅም ጥናት በኋላ ነው» አለ።

«በማርያም! እንግዲያው ጥናትዎን እኔም ላንብበው» አለችና የመጀመሪያውን ማመልከቻሽን ከነስምሽ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አዞረችና ጠርዙን አነበበች፦ «ይቀመጥ። ፊርማ።» ሁለተኛውን አነበበች፦ «ይቀመጥ። ፊርማ።» ሦስተኛውን አንብባ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ብቻዋን አላነበበችውም። አዳራሹ በአንድ አፍ «ይቀመጥ!» አለ።

እሱ ቆሞ ነበር፣ ዘይኑዬ። ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ከኋላ የደጎሎዋ ነርስ በወፍራም ድምፅዋ «ይቀመጣ! ይቀመጥ እንጂ!» ስትል ሌሎቹ ተቀበሏት። ይቀመጥ! ይቀመጥ! ዕድሜያቸውን ሙሉ አንቱ ያሉትን ሰውዬ አንቱታውን ነፈጉት። መድረኩን የሚመሩት ከክልል የመጡት ሴትዮ ነገሩን ሊያበርዱ ጎንበስ ብለው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «እባክዎ ይቀመጡ» አሉት።

ተቀመጠ። ወንበሩ ሲጮህ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ረቂቁስ ምን ሆነ እንዳትይኝ። ሦስቱ ነጥቦች «የሐሳቡ ባለቤት ሲስተር ዘይነባ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ገብተው ወደ ክልል ሄደዋል። እዚያ ያለው እስክሪብቶ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አላውቅም። ሴትዮዋ ግን ሳይሄዱ የጉዳት መዝገብ ዛሬውኑ ይከፈት ብለው አዘዙ። እኔ ከፈትኩት። በተራ ቁጥር አንድ ስምሽን ጻፍኩ። «የጉዳቱ ምክንያት» የሚለው ዓምድ ላይ አቶ ይቀመጥ «የጥንቃቄ ጉድለት በል» ብሎኝ ነበር። እኔ «ሁለት እጅ ብቻ ስለነበራት» ብዬ ጽፌ ለፊርማ ወሰድኩለት።

«ይሄ ምክንያት ነው?» አለኝ ዓይኑን አጉረጥርጦ።

«በግምገማው ዕለት አምናለች ብለው ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት ጌታዬ። ቃለ ጉባኤው እኔ ዘንድ ተቀምጧል፣ ላምጣው?»

ፈረመ። በአረንጓዴ። ቀለሙ አውራ ጣቱን ነካው፤ ጓንት ይሰጠው ልል ነበር።

ዘይኑዬ፣ ጠግቤ ስቄያለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ሀቅሽ እኔም ላይ አለ። እሱ «ይቀመጥ» ሲል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ያወጣሁበት ቀን፣ አንቺ በሕይወት ሳለሽ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ በእሱ ላይ የጀመርኩት በቀል እኔን ሳይነካኝ አያልፍም፤ ከእንግዲህ መርፌ የወጋት ነርስ ሁሉ ስሟን በዚያው ቀን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ጡረታ እስክወጣ። አውፍ በይኝ። አንቺ ደግሞ አብሽሪ፤ ሀያት ነርስ እሆናለሁ ብላለች፣ ብቻዋን ተረኛ እንደማትሆን እስካረጋግጥ አላርፍም።

ይህን ደብዳቤ ገቢ አላደርገውም፣ ማኅተም አልመታበትም፣ ጠርዙን አልበሳውም። በየጁምዓው ቀብርሽ ዘንድ መጥቼ አነብልሻለሁ። ያልሽውን አልረሳም፤ ሌላው ቢረሳ አስታውሰዋለሁ። ብዙ ነገር አስቀምጫለሁ ዘይኑዬ። አንቺን ግን አላስቀምጥሽም።

አይጥሽ
ሰይድ

ግልባጭ፦
ለአቶ ይቀመጥ። ቆሞ ያንብበው።