የእናትሽ ጠገራ ብር

ቀበና፣ ሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለበለጡ
ደብረ ብርሃን፣ እህትሽ አሳየች ቤት

በለጡዬ፣

የእናትሽ ጠገራ ብር ተገኝቷል። ቅዳሜ ከቀኑ በአምስት ሰዓት፣ ሾላ ገበያ አጠገብ ካለ ባንክ በር ላይ ገዛሁት።

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱስ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ተቀይመሽኝ ከሄድሽ ወዲህ ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ብትቀድጂውም አልቀየምም።

እንደምታውቂው ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ የጥንት ሳንቲም ሽያጭ ማስታወቂያ አያለሁ። ረቡዕ አንድ ወጣ፤ «የጥንት ብር፣ ኦሪጅናል፣ ደላላ እንዳይደውል» ይላል። ፎቶውን አጎላሁት። ብሩ ላይ ካለችው ንግሥት ራስ በላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ ጠርዙ ላይ እናትሽ እውነተኛ ብር መሆኑን በሞረድ ስታስፈትሸው የቀረው ጭረት አለ። አንገት ላይ የሚታሰርበት ማንጠልጠያው ግን የለም።

መጀመሪያ የታየኝ የወንድምሽ የአካሉ ፊት ነው። ለፋሲካ ሳሎናችንን ሲቀባ ሰንብቶ፣ በዋዜማው ብሩ ሲታጣ፣ «ከአካሉ በቀር ማን ገባ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰባት ወር ጠብቆ አሁን በሰው እጅ ሊሸጠው ነው አልኩ። ስለዚህ ስሜን ቀይሬ ደወልኩ።

«ሚልኬሳ እባላለሁ» አልኩ።

ያነሳችው ሴት ናት። «ደላላ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ደላላ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ባንክ በር ላይ እንገናኝ፣ ዘበኛው እያየን። መታወቂያዎን ይያዙ።»

«ያንቺንስ ማን ያሳየኛል?»

«ኧረ ጋሼ! ሻጭም እኔ፣ ተጠርጣሪም እኔ?»

ሚዛኔን፣ ማግኔቴንና ማጉያዬን ይዤ ሄድኩ። ዲንቄ የምትባል ቅመም ነጋዴ ናት። ብሩን ከመሀረብ ፈትታ፣ ሳትለቀው አሳየችኝ። ከዚያ መታወቂያዬን ተቀብላ አነበበች።

«ኃይሉ ይላል። ሚልኬሳ የት ቀሩ?»

ዘበኛው ሳቀ። እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ስልክ አውጥታ ፖሊስ ልትጠራ መሰለኝ። ያወጣችው የታጠፈ ወረቀት ነው።

«ባለቤቴ ጀይላን፣ አላህ ይማረውና፣ ሳንቲም ሲሰበስብ ነው የኖረው። ከማን ምን እንደገዛ ወረቀቱን አይጥልም ነበር። ይሄ የእርስዎ ስም አይደል?»

ስሸጥ ብዛቱንና ክብደቱን ጽፌ ለገዢው እንደምሰጥ ታውቂያለሽ። ወረቀቱ «12 ጠገራ ብር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ኃይሉ። ሚያዝያ 17 ቀን 2016» ይላል። እሱንም ጠረጠርኩ። ወደ ብርሃን አነሳሁት፣ በማጉያ አየሁት። የሰባት ቁጥርን ወገብ የምሰርዘው እኔ ነኝ። ጽሑፉ የእኔ ነው። አካሉ ቀለሙን የጀመረው ሚያዝያ 21 ነው።

በለጡ፣ ማንጠልጠያው የላላ ጊዜ «አንጥረኛ ዘንድ አድርስልኝ» ብለሽ ሰጥተሽኝ ነበር። አልሄድኩም። ማንጠልጠያው እጄ ላይ ወለቀ፤ ብሩን ከሌሎቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ጠገራ ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። እኛ ሰብሳቢዎች የምኒልክን ብር እናገላብጣለን፣ ጠገራን ግን ቆጥረን፣ መዝነን እናልፋለን። እንደዚያ ቆጥሬ ሸጥኩት። በዋዜማው ስትጠይቂኝ ረሳሁት ማለት አቃተኝና «አሠርቼ ኮመዲኖ ላይ አኑሬዋለሁ» አልኩሽ። ኮመዲኖው ላይ ሲታጣ የወሰደው ሰው አስፈለገኝ። እየቆየሁ ማኖሬን ራሴም አመንኩት። አንቺ ግን ያን ዕለት እንዳላመንሽኝ አስተያየትሽ ያስታውቅ ነበር።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ዳገት ላይ አካሉ ቤት ወጣሁ። ግባ አላለኝም። በር ላይ ቆሜ ለአንቺ እንደጻፍኩት አድርጌ ነገርኩት። ብሩን ዘረጋሁለት።

«አልነካውም» አለ። «ብነካው ደግሞ ይጠፋል።»

በእኔ ቃል ምክንያት የዕድሩን ገንዘብ ያዥነት እንደለቀቀ አውቃለሁ። በመጪው እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ብዬ ፈቃዱን ጠየቅሁ።

«ጋሼ ኃይሉ፣ ለረሳው ሰው ሊያስታውሱብኝ ነው» አለኝ። «ያልረሳ ደግሞ አለ፤ ሲያየኝ ኪሱን የሚይዝ። እስከ ሐሙስ ላስብበት።»

ብሩን ለአንጥረኛ አልሰጠሁትም። ካንቺ ቃል ሳይመጣ ከእጄ አይወጣም። አሳየችን እጅ ነስቷል በይልኝ። ጉልበትሽን አምላክ ያጽናልሽ፤ እንዳስከፋሁሽ አያስከፋሽ።

አካሉ ሐሙስ እሺ ካለ፣ ስብሰባው እሑድ ኅዳር 22 ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው።

ኃይሉ