ድዴን ለልጄ ላስረዱልኝ ሐኪም

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ኸባብ፣ የጥርስ ሐኪም፤
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለረዳትዎ ለሲስተር ሀናን፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ለሚጋደመው ወንበርዎ ጤናን እመኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ በቀር ደህና ነኝ። እነሱም ገና አልወደቁም፤ ምላሴ በነካቸው ቁጥር ግን እጅ ይነሳሉ። የሄዱ እንደሆነ ከአፌ የሚወጣው ቃል ሁሉ ማፏጨቱ ነው፤ የሚያፏጭ ሰው ደግሞ ማንንም ማረም አይችልም። እኔ ሰው ሳላርም መኖር አላውቅበትም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ባለፈው ቅዳሜ ከክሊኒክዎ የወጣሁት በአደባባይ ስለሆነ ነው። የደረት ፎጣዎ ከአንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ገበያተኛው ሁሉ እያየኝ እስከ ቤቴ ደርሻለሁ። ፎጣው ታጥቦና ተተኩሶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩ኛ. በእኛ አገር ሰው ጥርሱን ለሐኪም የሚያሳየው ሊሰናበተው ሲቆርጥ ነው። ከወግዲም ይምጣ ከአቀስታ፣ ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ ይመጣል፣ ያስነቅላል፣ ይሄዳል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ከነሙሉ ክብሬ መጥቼ እንዲነቅሉልኝ ብጠይቅዎ፣ «ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ድዱ ነው» ብለው፣ ጠራርገው፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለሱ ብለው ሰደዱኝ። የለመነውን ሰው ባዶ እጁን ለመሸኘት ያለዎትን ድፍረት ሳላመሰግን አላልፍም። ያን ዕለት ግን አላመሰገንኩም። ተራ ይጠብቁ የነበሩት አቶ በላይ «እትዬ አልታዬ፣ ነቀሉልዎ?» ቢሉኝ፣ «ምን ይነቅላል! መንቀል መች ያውቅበትና!» አልኳቸው። እሳቸውም ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው ተከትለውኝ ወጡ። አሁን ተመልሰው እንዲመጡ ብመክራቸው እምቢ ብለውኛል፤ የፊተኛውን ቃሌን የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

፪ኛ. ስለ ንቅሳቴ። ድዴን በልጅነቴ በመርፌና በጥላሸት የተነቀስኩት ያስውባል፣ ያጠነክራልም ተብዬ ነው። ድድ ሲታመም እንደሚቀላ ከእርስዎ ሰማሁ፤ የእኔው ግን ጠቁሮ ስለሚውል መስተዋቴ ምንም አልነገረኝም። ስፍቀው ሲደማ ጥፋቱ የመፋቂያው ነው ብዬ ያንን ወገን መፋቅ ተውኩ። መፋቅ ስተው ደሙ ሲብስ ደግሞ፣ እንዲጠነክርልኝ ብዬ ነቃሿ ዘንድ ሄጄ በላዩ ላይ ዳግመኛ ተነቀስኩ። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የልጆችን ጥፍርና ጥርስ ስቆጣጠር የኖርኩ መምህርት፣ የቆሰለ ድዴን በገዛ ፈቃዴ በመርፌ ማስወጋቴን ሲሰሙ አለመሳቅዎ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ሲስተር ሀናን ግን ስቃለች፤ ጭንብሏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

፫ኛ. ዋናው ይህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በቀጠሮዬ ስመለስ፣ ያስፈልግሻል ስለተባልኩት የድድ ቀዶ ጥገና የሰጡት ማብራሪያ እጅግ ያማረ ነበር፤ የሰጡት ግን አብራኝ ለመጣችው ልጄ ለምስክር ነው። እኔ አፌን ከፍቼ፣ መስተዋትና መለኪያ ገብቶበት በተጋደምኩበት፣ እርስዎ ከራሴ በላይ «ለማዘር ቀለል አድርገሽ ንገሪያቸው» አሏት። የድዱ ባለቤት ማን እንደሆነች ለጊዜው ተረስቶ ነበር። ጥያቄ ነበረኝ፤ ሆኖም በዚያ አኳኋን ከ«ኣ» በቀር የሚወጣ ድምፅ የለም፣ «ኣ» ባልኩ ቁጥርም እርስዎ «ጎበዝ!» አሉኝ። ከንግግርዎ ሁሉ «ድዱን ከፍተን» የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ስለገባች፣ ተቆርጦ ሊጣል ነው ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ቤት እንደገባን ምስክርን እንደ ተማሪ አቁሜ አስደጋገምኳት። እንደተረዳሁት ከሆነ፣ በጥርሶቼ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ድዴ ከጥርሶቹ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፣ ከኪሱ በታች ደግሞ አጥንቱ እየተበላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲጠርጉ መሣሪያዎ ጥልቁ ቦታ አልደረሰም። አሁን አደንዝዘው፣ ድዱን ገልጠው፣ ሥሩን አጽድተው መልሰው ይሰፉታል፤ አይጥሉትም። የተበላው አጥንት እንደነበረ አይሆንም፤ ጥርሶቼ ግን በየዕለቱ ካጸዳኋቸው ሊቆዩልኝ ይችላሉ። በሥሩ ያለው አፈር ስለተሸረሸረ ብቻ ደህናውን ችካል ነቅሎ የሚጥል ገበሬ ከዚህ እስከ ማሻ አይገኝም። ይህን ራሴ ማሰብ ነበረብኝ፤ በየበጋው እርከን ሲሠራ ዳር ቆሜ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ነኝና።

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ፤ ግን ያለፉትን ሳነባቸው ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ስላገኘኋቸው ተውኩት።

እነሆ ለቀዶ ጥገናው ተስማምቻለሁ። ፈርቻለሁም፤ ይህን የምነግርዎ ፊቴን ስለማያዩ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩ ከመጋደሙ በፊት፣ አፌም ገና ተዘግቶ ሳለ፣ የሚያደርጉትን ሁሉ ለእኔ ለራሴ ይንገሩኝ። የቀረውን የእኔ ጸሎትና የእርስዎ ዱዓ ይጨርሱታል።

ለእውቀትዎ ጥልቅ አክብሮት፣ ለመርፌዎም ተገቢውን ፍርሃት እያቀረብኩ፣ የሚነቃነቁት ጥርሶች ሕጋዊ ባለቤት፣

አልታዬ ይርዳው
ጡረተኛ መምህርት

ተጨማሪ፦ ስፌቱ እስኪጠግግ ብዙ መናገር እንደማይፈቀድልኝ ምስክር ነግራኛለች። ወሬው ሰፈር ደርሶ፣ ጎረቤቶቼ ጊዜው እንዲራዘምላቸው ሊያመለክቱ እየተሰናዱ ነው። እርስዎም ከራሴ በላይ ለልጄ የሚነግሯት የቀረ ነገር ካለ ያ ሰሞን ይመችዎታል፤ ብቻ የሚሰፉት ድዴን እንጂ ደብዳቤ የሚጽፈውን እጄን እንዳልሆነ አይርሱ።